ጨው መጠቅለያ የሆነችው ጃፓን

ፌስታል አይነበብም። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ትናንት ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ግማሽ ኪሎ ምስር ልገዛ ወጥቼ፣ ባለሱቋ ልጅ ዐይኗን ከስልኳ ሳትነቅል በጥቁር ፌስታል ቋጥራ ስታቀብለኝ ንድድ ስላለኝ ነው። «ልጄ፣ ወረቀት የለሽም?» አልኋት። «ወረቀት ምን ያደርግልዎታል አባባ?» አለችኝ። «አነበዋለሁ» አልኋት። ከት ብላ ሳቀች። ሽማግሌ ሲቀልድ ደስ ብሏት መሆኑ ነው። እኔ ግን አልቀለድሁም። እዚችው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከሱቅ በመጣ መጠቅለያ ላይ የአንድ አገር ታሪክ ከነንጉሡ ከነጦረኛው ያነበብሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ሁሉም ዓለምን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ስለ ጃፓን ንገረኝ ብትሉት ግን የሚያሳያችሁ መኪና ነው። ተዉኝ እባካችሁ።

ያኔ ሱቁ የአቶ ሙላት ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትታጠፉ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ አንደኛው ክንፏ የማይከፈት የእንጨት በር ነበረችው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ስኳር በቀበሌ ካርድ ይታደል ነበር፤ ሻይ ከነዳቦው በሠላሳ ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ እኔም ወጣት አስተማሪ ሆኜ፣ ጠጉሬን አጎፍሬ፣ ታቹ የሰፋ ተትረን ሱሪ ለብሼ አስተምር ነበር። ሱሪዬ ከመስፋቱ የተነሣ በክረምት የመናኸሪያውን ጭቃ እኩሌታ ይዤ ነበር ክፍል የምገባው። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የፍቅር ዘፈን ይጀመራል፤ እኔም ልቤ መቅለጥ ይጀምራል፤ ወዲያው ሰውን ለስብሰባ የሚጠራው የቀበሌ ድምፅ ማጉያ መሐል ላይ ይገባና ዘፈኑን ይቀማኛል። ዛሬም ድረስ መግቢያቸውን አሳምሬ የማንጎራጉራቸው፣ መጨረሻቸውን ግን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉኝ። ያ ዘመን ነገርን ማስጀመር እንጂ ማስጨረስ አያውቅም ነበር።

አቶ ሙላት ጨው፣ በርበሬ፣ ክብሪትና ሳሙና ይሸጣሉ። ከአንድ የተወረሰ ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ሽፋናቸው የረገፈ አሮጌ መጻሕፍት በጆንያ ገዝተው፣ እነሱን እየገነጠሉ ነበር የሚጠቀልሉት። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው እርጥብ ያደርጋሉ፤ ገጹን ቅድድ ያደርጉታል፤ እንደ ቀንድ ጠምዘዝ አድርገው ጨውን ይሞሉታል፤ ጫፉን ያጥፉታል። አንድ ቅዳሜ ሩብ ኪሎ ጨው ገዝቼ ቤቴ ገባሁና ጨውን ገልብጬ ወረቀቱን ልጥል ስል ዐይኔ አረፈበት። የባዕድ አገር ካህናት ወደ አንድ አገር ገቡ፤ ሕዝቡን ወደ ሃይማኖታቸው መሳብ ጀመሩ፤ ገዢው ተቆጣ፤ ካህናቱን አባረረና የአገሩን በር ዘጋ ይላል። ይህማ የጎንደር ነገሥታት ታሪክ ነው ብዬ ዝቅ ስል «ጃፓን» የሚል አገኘሁ። ጃፓን! እኔ ስለ ጃፓን የማውቀው ሬዲዮ መሥራቷን ብቻ ነበር። ለካ እኛ ፈረንጅ ካህናትን ባባረርንበት ዘመን አካባቢ እነሱም ያባርሩ ኖሯል። ጨዉን መሬት ላይ እንዳፈሰስሁ ወደ ሱቁ ተመለስሁ።

«ጋሼ ሙላት፣ ይህን መጽሐፍ ይሽጡልኝ።»

«መጽሐፍ የለኝም።»

«ይኸው እጅዎ ላይ!»

«ይህ መጠቅለያ ነው መምህር። መጠቅለያዬን ሸጬ ለሰው ጨው በመዳፉ ልስፈርለት?»

«በለውጡ አሮጌ የተማሪ ደብተር ላምጣልዎ።»

«ያሁኑ ደብተር ስስ ነው፣ በርበሬ ያፈሳል። ይህ የደጉ ዘመን ወረቀት ነው። ይልቅ ጨው ግዛ፤ ጃፓንህን እመርቅልሃለሁ።»

ምን አደርጋለሁ፣ ጨው ገዛሁ። በማግሥቱም ገዛሁ። አንድ ላጤ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ለከብት ላኪ ነጋዴ የሚበቃውን ጨው ገዛ። ይህም ይሁን፤ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አቶ ሙላት በተራ አይገነጥሉም። መጽሐፉ በተከፈተበት በኩል ቅድድ ነው። ዛሬ ንጉሡ ይሞታል፤ ነገ ይነግሣል፤ ከነገ ወዲያ ይወለዳል። በጭስ የሚሄዱ ጥቋቁር መርከቦች መጥተው ያንን ሁለት መቶ ዓመት የተዘጋ በር ሲያስከፍቱ ያነበብሁት በሩ መቼና ለምን እንደ ተዘጋ በቅጡ ሳላውቅ ነው። «እባክዎ ከፊት ጀምረው ይገንጥሉ» ብዬ ለመንሁ። «የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ በርበሬውን በአንተ ተራ ሊገዛ ነው?» አሉኝ። እውነትም ገጹ ለእኔ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የጃፓን መሳፍንት ርስታቸውን ለንጉሡ ያስረከቡበት ገጽ በበርበሬ ተጠቅልሎ ወደ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ሄደ ሲሉኝ በሩጫ ተከትዬ ደረስሁ፤ እሳት አያይዛበት ኖሯል። «ምነው፣ የሰው ደብዳቤ ነበር?» አለችኝ ደንግጣ። ምን ብዬ ልመልስላት? ጠላ አዝዤ ተቀመጥሁ።

ጨዉን ለአባቴ እወስድላቸው ነበር። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሚኒባስ ላይ ወጥታችሁ፣ ሾፌሩ ዘፈኑን ሳይጨርስ ትደርሳላችሁ፤ ያኔ እህል ጫኝ መኪና መጠበቅ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከቡሬ ደግሞ ወደ ሽንዲ በሚወስደው በኩል ሁለት ሰዓት በእግር። አባቴ ከአዊ ወገን የተወለዱ ገበሬ ናቸው፤ ከሰው ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ፣ ሲናደዱ ግን ከበሬዎቻቸው ጋር በአገውኛ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ለከብቶቹ ጨዉን ሲበትኑ፣ በሬው ሲልስ ቆመው ያዩና ዞር ብለው ያዩኛል። አንድ ቀን አላስቻላቸውም።

«ልጄ ይበልጣል፣ ምንድር ነው ይህ ሁሉ ጨው? መንግሥት ደመወዙን በጨው መክፈል ጀመረ እንዴ?»

እውነቱን ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የሚገምዱትን ገመድ አስቀመጡና «እስቲ ከነወረቀቱ አምጣው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በመጣሁ ቁጥር ከጨው በፊት የሚጠየቀው ጃፓን ሆነ። በየገጹ አስተያየት አላቸው። የተዘጋውን በር ሳነብላቸው «በር መዝጋቱ ባልከፋ፤ ጎረቤት እሳት ልጫር ሲል ምን ይሉታል?» አሉ። አዲሱ መንግሥት ጦረኞቹን ሰይፋችሁን ፍቱ፣ ቁንጮአችሁን ተቆረጡ ማለቱን ስነግራቸው ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን እየዳሰሱ «ሰይፉስ ይሁን፤ ጠጉር ምን በደለ?» አሉ። ከሁሉ ግን ልባቸውን የወሰደው አንድ የደቡብ ጦረኛ ነው። ስሙ ለአንደበት አይመችም፤ አባቴ «ያ ደቡቤው» ነበር የሚሉት። ንጉሡን ወደ ዙፋኑ ለመመለስ ተዋግቶ ድል ያደረገ ትልቅ ሰው ነው። ኋላ ከሹሞቹ ጋር ተቀያየመና ሹመቱን ትቶ አገሩ ገባ፤ ከውሾቹ ጋር አደን እየወጣ፣ መሬቱን እያረሰ ተቀመጠ። የሰይፉ ክልከላ ሲመጣ ተከታዮቹ እየጎረፉ መጥተው ተነሥልን አሉት። እሱም ብዙ ካመነታ በኋላ ተነሥቶ... ወረቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጣዩ ገጽ የለም።

«ተነሥቶስ?» አሉ አባቴ።

«ገጹ አልደረሰኝም አባባ።»

«ምን ዓይነት አስተማሪ ነህ አንተ! ሰውን አስነሥቶ መተው አለ?»

መንደር ምሥረታ የመጣው ይኸኔ ነው። ላላዩት ወጣቶች ልንገራቸው፤ በየጉብታውና በየወንዙ ዳር ተበትኖ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱንና ሣሩን ተሸክሞ፣ አንድ ሜዳ ላይ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ገመድ ወጥሮ፣ በየሃያ እርምጃው ካስማ እየተከለ ቦታ አደለ። አባቴ ሄደው አዩና ተመለሱ። «እኔ ሰው ነኝ፣ ካስማ አይደለሁም፤ በገመድ አልተከልም» አሉ። ቤቱን ከአባታቸው ጋር ነው ያቆሙት። ጓሮው የእናቴ ጌሾ ነው። ከበሩ ላይ ቆመው የተቀበረችበትን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያዩታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ጎረቤቱ ሁሉ አፍርሶ እሳቸው ብቻ ቀሩ።

ሊቀ መንበሩ ቡሬ ሻይ ቤት አገኘኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋቱ ከእሱ በላይ ካሉት ነበር የሚመጣው። ብርጭቆውን እያዞረ፣ «መምህር፣ አባትህን አንድ ነገር በላቸው። እስከ እሑድ ካላፈረሱ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል» አለኝ። ከእጅ መውጣት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን እንዲሁ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ ሚስቱ ስንቅ ተሸክማ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትዞር «እዚህ የለም» ከማለት በቀር የሚነግራት አላገኘችም። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። አባቴ እግር ሥር ወድቄ ለመንሁ። ሰሙኝ፤ ሰሙኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ያ ደቡቤው ግን ተነሥቶ እንዴት ሆነ?»

«አባባ፣ የማን ደቡቤ! እርስዎን ሊወስዱዎ ነው እኮ የምልዎት!»

«ገባኝ። እሱንም ቁንጮህን ተቆረጥ ብለውታል። ገጹን አምጣና መጨረሻውን እንየው። ገጹ እስኪመጣ አላፈርስም።»

በዚያች ሰዓት የተናደድሁትን ያህል በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም። አገር እየፈረሰ እሳቸው ቤታቸውን ከአንድ የጃፓን ሸፋች ጋር አስረው ቁጭ! የራሴ ጥፋት መሆኑን ደግሞ አውቃለሁ፤ ማን ጨው ግዛ አለኝ? ማን ወረቀት አንብብ አለኝ? ፍኖተ ሰላም ገብቼ በቀጥታ አቶ ሙላት ዘንድ ሄድሁ። ጃፓን አልቃለች። ስለ ንብ ማነብ የሚያወራ መጽሐፍ ጀምረዋል። «የመጨረሻዎቹን ገጾች ማን ወሰዳቸው?» ብዬ ጮኽሁ። «ለሠርግ በርበሬ የገዙ ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ነበር የወሰዱት» አሉኝ። ሠርግ ቤቱን አፈላልጌ ደረስሁ። ሙሽራዋን አጅበው ሄደዋል፤ በርበሬው ወጥ ሆኗል፤ ወረቀቱን አስተናባሪዎቹ ለድስት መያዣ አድርገውታል። አንድ ቅባት የጠጣ ቁራጭ አገኘሁ፤ ስለ ሐር ትል ነበር የሚያወራው። እዚያ ሠርግ ቤት ደጃፍ፣ የሐር ትሉን ይዤ ቆሜ አለቀስሁ። እናቶች ሙሽራዋን ወድዶ የተቀደመ ሰው መስዬአቸው «አይዞህ፣ ሌላ ታገኛለህ» አሉኝ።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ደረስሁ። መንገድ ላይ የማወራውን አሰናድቼ ነበር።

«ገጹ ተገኘ» አልኋቸው።

«እህ?»

«ተነሥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተወው። ሰይፉን አስቀመጠ፤ ቁንጮውን ተቆረጠ፤ መነኮሰ።»

እንግዲህ እዩልኝ። ጎጃሜ ስለሆንሁ፣ ለአንድ የከበረ ጦረኛ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ በጭንቅላቴ አልመጣልኝም።

«መነኮሰ?» አሉ አባቴ። «በየትኛው ገዳም?»

«ባሕር መሐል ባለች ደሴት። ብዙ ዘመን ኖረ። በሰላም ዐረፈ።»

አባቴ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጌሾው፣ ከዚያ ወደ ጉልላቱ። «ጥሩ አድርጓል» አሉና ከመደቡ ሥር መጥረቢያቸውን አወጡ። የመጀመሪያውን ማገር የነቀሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ሣሩን አወረድሁ።

ሜዳው ላይ የተሠራውን ኑሮ ባላወራው ይሻለኛል። የአንዱ ቤት ጭስ በሌላው በር ይገባል፤ ዶሮ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማሳው ሩቅ፣ ውኃው ሩቅ። ጌሾውን የሚጠብቀው ሲጠፋ ከብት ጨረሰው። ሊቀ መንበሩ በመስመሮቹ መካከል ሲመላለስ «እዩት፣ ከተማ መሰለ» ይል ነበር። አባቴ አያማርሩም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። በሄድሁ ቁጥር «እንዴት ነዎት?» ስላቸው «እንደ መነኩሴው» ይሉኛል። እየቆየሁ መሄድ ቀነስሁ፤ ሥራ በዛብኝ እያልሁ በሰው እልክባቸው ጀመር።

ይባስ ብሎ በአንዱ ክረምት ለትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተልኬ ስሄድ፣ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ የጃፓን ታሪክ ተደርድሮ አገኘሁ። ከነሽፋኑ! ገጹ በተራ! መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ደቡቤውን ፈለግሁት። አልመነኮሰም። ተዋጋ፤ ሠራዊቱ አለቀ፤ ከአገሩ ከተማ በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ከቀሩት ጥቂት ሰዎች ጋር ተከቦ ቆስሎ ሞተ። የገደለው መንግሥት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምሕረት አደረገለት፤ ለሞተ ሰው! ኋላም ውሻውን እንዳስከተለ ሐውልት ቆመለት። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሬዲዮው አዲስ አዋጅ አሰማ፤ ኢኮኖሚው ቅይጥ ሆነ፣ ገበሬው በመንደር የመኖር ግዴታ የለበትም ተባለ። ያን ሁሉ ያስለቀሰ ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈረሰ። አባቴ ጋ ስደርስ ሰው ሁሉ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቀዬው ይጎርፋል፤ እሳቸው ቋሚዎቹን ነቅለው በጥንቱ ቦታቸው ላይ ከምረዋል። መሬት ውስጥ የነበረው የቋሚ ጫፍ ይበሰብሳል፤ እሱን እየቆረጡ ነበር የሚጥሉት። ሲያፈርሱ አንዴ ተቆርጧል፣ ይህ ሁለተኛው ነው። አዲሱ ቤት ከአሮጌው በክንድ ሊያጥር ነው ማለት ነው። እኔ ቋሚውን ያዝሁላቸው፤ እሳቸው ይቆርጣሉ። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አባባ፣ ያ ደቡቤው አልመነኮሰም። ተዋግቶ ሞቷል። ዋሽቼዎታለሁ።»

መጥረቢያው አልቆመም። «መሞቱንማ አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎ?»

«ማን ይነግረኛል? ጠጉሩን ተቆርጦ አርፎ የተቀመጠን ሰው ማን ብሎ በመጣፍ ይጥፈዋል? ስንቱ አርፎ ተቀምጦ ሞተ፤ አንዱም አልተጣፈ።»

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት በእሳት የተጠበስሁት ለምን ነበር? «ታዲያ እያወቁ ለምን አፈረሱት?» ብዬ ጮኽሁባቸው፤ አዎ፣ በአባቴ ላይ ጮኽሁ። «ለምን አንድ ቃል አይነግሩኝም?»

መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ገጹ ከተገኘ ለመሞት ነበር አሳቤ» አሉ። «ደቡቤው ሞቶ ከሆነ እኔም ደጃፌ ላይ እሞታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አንተ መጣህና ዋሸህ። በዕድሜህ ዋሽተኸኝ አታውቅም፤ ልጄ እንዲህ እስኪዋሽ ፈርቷል አልሁ። እኔን ሊወስዱ ሲመጡ ይኸ ልጅ ዝም ብሎ አያይም፣ መሐል ይገባል አልሁ። ቤት ቢፈርስ መልሶ ይሠራል።»

እሳቸው ቋሚውን አንሥተው ቁመቱን በክንዳቸው ለኩና ዞር አሉ።

«እሱ ሰውዬ ግን» አሉ፣ «ልጅ ነበረው?»

«አላውቅም አባባ። መጽሐፉ አይልም።»

«እንግዲያው ምኑን ጣፈው?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጃፓን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ጡረታ እስክወጣ፣ ከወጣሁም በኋላ። ንጉሦቹን፣ ባቡሮቹን፣ ጦርነቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው የአባቴን ጥያቄ የምትመልስ አንዲት መስመር ብቻ ነበር፤ ጸሐፊ ሁሉ ስለ ሐውልቱና ስለ ውሻው እየተረከ እሷን ይዘልላታል። ባለፈው ዓመት አገኘኋት። ልጅ ነበረው። ወጣት ሆኖ አባቱን ተከትሎ ዘመተ፤ አንድ እግሩን እዚያው ጦርነት ላይ ተቆርጦ ተመለሰ። ካነበብሁ በኋላ ተነሥቼ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ልነግራቸው የምሮጥላቸው ሰው ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።